ቪኢ 301፦ የናዚ ዘመን ርካሽ ሬዲዮ ሲመዘን

«ፎልክስኤምፕፌንገር» (በጀርመንኛ «የሕዝብ ሬዲዮ») ቪኢ 301 እ.ኤ.አ. በኦገስት 1933 በበርሊኑ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የሞዴሉ ቁጥር የተወሰደው ሂትለር ሥልጣን ከያዘበት ከጃንዋሪ 30 (30/1) ነው። ዋጋው 76 ራይሽማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) ነበር። የጎብልስ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር የመንግሥቱን ድምፅ ወደየቤቱ ለማስገባት ስለፈለገ፣ በርካታ ፋብሪካዎች አንዱን ንድፍ ተከትለው አመረቱት፤ በ1938 የተከተለው ሌላ ሞዴል፣ ዲኬኢ 38፣ ደግሞ 35 ራይሽማርክ ብቻ ይሸጥ ነበር።

ታድሶ የሚሠራ አንድ ቪኢ 301 የመፈተሽ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የባክላይቱ (የቀድሞ ዘመን ጠንካራ ፕላስቲክ) ሣጥን ጠንካራና ያለ ጌጥ ያማረ ነው። በውስጡ ከኃይል ማስተካከያው ቫልቭ (የመስታወት የኤሌክትሮኒክስ ቱቦ) በተጨማሪ ሁለት ቫልቮች ብቻ አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ያጎላውን ሲግናል በከፊል ወደ መግቢያው እየመለሰ ደግሞ ስለሚያጎላው፣ በጥቂት ዕቃ ብዙ ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ የዚህ መቆጣጠሪያ ትንሽ ካለፈ ሬዲዮው ያፏጫል፣ ፉጨቱም በአንቴናው ወጥቶ የጎረቤትን ሬዲዮ ይረብሻል። ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሙዚቃ ግን ወፍራም ድምፁን ያጣል፣ ተቀራራቢ ጣቢያዎችም ይደበላለቃሉ።

ይህ ሬዲዮ የውጭ ጣቢያ እንዳይዝ ተደርጎ እንደተሠራ ደጋግሞ ይነገራል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አጭር ሞገድ እንደሌለው እውነት ነው። ሆኖም መካከለኛ ሞገድ በሌሊት ከከፍተኛው የከባቢ አየር ክፍል እየተንጸባረቀ ሩቅ ስለሚጓዝ፣ ረጅም የሽቦ አንቴና የዘረጋ ሰው ቢቢሲ ከ1938 ጀምሮ በጀርመንኛ ያስተላልፍ የነበረውን ዜና ሊያደምጥ ይችል ነበር። አድማጩን የከለከለው የሬዲዮው አቅም ሳይሆን ሕጉ ነበር፦ ከሴፕቴምበር 1939 ጀምሮ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ በእስራት፣ የሰሙትን ማሰራጨት ደግሞ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። ይህን የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ወረቀት በጣቢያ መፈለጊያው ቁልፍ ላይ ይንጠለጠል ስለነበር፣ ጣቢያ ሊቀይር የተዘረጋ እጅ አስቀድሞ እሱን ይነካ ነበር። ያን ወረቀት አልፎ ቁልፉን ያዞረ ሰው ድፍረት ከልብ ያስደንቀኛል።

ለታሪክ ሰብሳቢ ይህን ሬዲዮ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ለሙዚቃ የሚፈልገው ግን ሌላ ይምረጥ። ገዢው ወረቀቱና በሣጥኑ ላይ ያለው የንስር ምልክት የመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን ያጣራ፤ ያረጁት የወረቀት ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ባለሙያ ሳይቀይራቸው ሬዲዮውን ከመብራት ጋር አያገናኘው።