ማይክሮፓይተን ከዓይነት ማብራሪያ ጋር፦ የዘጠኝ ወር የአጠቃቀም ግምገማ

በግቢያችን ሁለት የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉ። አንደኛው መሬት ላይ ያለው ታንከር ሲሆን በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ሲሆን ከታችኛው በፓምፕ እየተሞላ ለቤቱ ቧንቧዎች ውሃ ያወርዳል። ፓምፑ መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚጠፋ ላለፉት ዘጠኝ ወራት ሲወስን የቆየው፣ ማይክሮፓይተን በተባለው፣ ለትንንሽ ቦርዶች በተዘጋጀ የፓይተን ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም የሚሠራበት፣ ኢኤስፒ32 የተባለ አንድ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። ስለ ማይክሮፓይተን ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፍጥነቱና ለጀማሪ ያለው ቅለት ስለሆነ፣ እኔ እነዚህን ትቼ ፕሮግራመሮች ታይፕ ሂንት ስለምንለው ነገር፣ ማለትም አንድ ቫሪያብል ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚይዝ ወይም አንድ ፈንክሽን ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚመልስ በኮዱ ውስጥ ስለሚጻፈው የዓይነት ማብራሪያ ብቻ እጽፋለሁ። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በማብራሪያ ስለጻፍኩት፣ የጠቀመኝንም ያዘናጋኝንም ለይቼ ለመናገር የሚያስችል ጊዜ አግኝቻለሁ።

ማይክሮፓይተን ዴሚየን ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ገንዘብ አሰባስቦ ያስጀመረው፣ ፓይተን 3 በ256 ኪሎባይት የኮድ ቦታና በ16 ኪሎባይት ራም ውስጥ እንኳ እንዲሠራ ተደርጎ በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ የተጻፈ ሥርዓት ነው። አገባቡ በዋናነት የፓይተን 3.4 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመጡት ነገሮች የተመረጡት ብቻ ተጨምረውበታል። የፈንክሽን ማብራሪያ ከፓይተን 3.0 ጀምሮ የነበረ በመሆኑ ማይክሮፓይተን ይቀበለዋል፤ በ2016 ከፓይተን 3.6 ጋር የመጣው የቫሪያብል ማብራሪያ ግን የተጨመረለት በ2020 ነው። ከመሳቢያ ያወጣችሁት አሮጌ ቦርድ በዚህ አገባብ ላይ ስህተት ካሳየ፣ ኮዳችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት የፈርምዌሩን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የተጫነውን የማይክሮፓይተን ቅጂ፣ ዕድሜ ተመልከቱ።

መቀበል ሲባል ግን ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። የኮምፒውተሩ ፓይተን ማብራሪያውን አንብቦ ከፈንክሽኑ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙም በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊያየው ይችላል። ማይክሮፓይተን በአንጻሩ አገባቡ ትክክል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ማብራሪያውን ይጥለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ለማየት ብዬ አንድ ፈንክሽን ጽሑፍ ብቻ እንደሚቀበል ጻፍኩና ቁጥር ሰጠሁት፤ ቦርዱ ምንም አላለም። ቀጥዬ በማብራሪያው ቦታ የትም ያልተገለጸ፣ ከራሴ የፈጠርኩትን ስም አስገባሁ፤ እሱንም ዝም ብሎ አለፈው። ለቦርዱ የዓይነት ማብራሪያ ከኮሜንት፣ ማለትም ለአንባቢ ብቻ ከሚጻፍ ማስታወሻ፣ የሚለይበት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ያለበትን ቦታ ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

ጥቅሙ ያለው እንግዲህ በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ላይ፣ ኮዱን ሳያስኬድ የዓይነት ስህተት ከሚፈትሸው ፓይራይት ጋር ነው የምሠራው። ፓይራይት የቦርዱን ሞጁሎች በተፈጥሮው ስለማያውቅ፣ የእያንዳንዱን ክላስና ፈንክሽን የዓይነት መግለጫ ብቻ የያዙ፣ ስተብ የሚባሉ ፋይሎች ፒፕ በተባለው የፓይተን መጫኛ መጫን ያስፈልጋል። ስተቦቹ ለኢኤስፒ32፣ ለራስፕቤሪ ፓይ ፒኮና ለሌሎችም ቦርዶች ለየብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከፈርምዌሩ ቁጥር ጋር እንዲገጥም ተደርጓል። እኔ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ሳላስተያይ የቅርብ ጊዜውን ስለጫንኩ፣ ቦርዴ የማያውቀውን አማራጭ ኤዲተሩ ትክክል ነው እያለኝ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አባክኛለሁ።

አሁን ማብራሪያው ዋጋውን ወዳሳየኝ ጉዳይ ልምጣ። የሮቶውን ውሃ ከፍታ የሚለካው ከክዳኑ ሥር የተገጠመ የአልትራሳውንድ ሴንሰር ነው። ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ማይክሮፓይተን በማይክሮሰከንድ ቆጥሮ ይሰጠኛል፤ እኔም ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሬ ከሮቶው ጥልቀት ላይ እቀንሰዋለሁ። ሴንሰሩ ከሮቶው ወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሆነና ውሃው 120 ሲደርስ ሞላ ስለምለው፣ ስሌቱ ቀላል ነበር። የሚለካው ፈንክሽን ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ እንደሚመልስ በማብራሪያ ጻፍኩ፤ ፓይራይትም አንድም ቀይ መስመር ሳያሰምር አሳለፈኝ።

በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት የፈረቃ ውሃ መጣ። ጠዋት ስንነሳ ግን ሮቶው ባዶ ነበር። እናቴ ከኩሽና ሆና «ያ ማሽንህ ሞልቷል ይላል፤ ቧንቧው ግን ጠብ አይልም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ትንሿ ስክሪን ላይ የተጻፈው ከፍታ 150 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይኸውም ውሃው ሴንሰሩን ነክቷል ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳይ የሴንሰሩ ሽቦ ከማያያዣው ወጥቷል። ማይክሮፓይተን ድምፁ ሳይጀምር የተመደበለት ጊዜ ካለቀ -2፣ ከጀመረ በኋላ ካለቀ ደግሞ -1 ይመልሳል፤ ይህም በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የእኔ ፕሮግራም -2ን እንደ ማይክሮሰከንድ ቆጥሮ ወደ ርቀት ሲለውጠው ዜሮ ሊባል የሚችል ቁጥር ሆነ፤ ያን ከ150 ላይ ሲቀንሰው ሮቶው ከአፉ በላይ ሞልቷል አለ፤ ፓምፑንም አላስነሳም። የታችኛው ታንከር ሞልቶ ተንሳፋፊው መዝጊያ መስመሩን ስለዘጋው፣ ወደ ላይ ሊወጣ ይገባው የነበረው የሌሊቱ ውሃ አመለጠን።

የዓይነት ማብራሪያው በዚህ ውስጥ አልዋሸም፤ -2ም ኢንት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ምክንያቱም «ልኬት አልተገኘም» የሚለውን ነገር ልኬት በሚመስል ቁጥር ውስጥ ተደብቆ እንዲያልፍ ፈቅጃለሁ። ያን ቀን ፈንክሽኑን ለወጥኩት፦ የመጣው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ ነን፣ ማለትም ባዶ ዋጋ፣ እንዲመልስ አደረግሁ፤ ማብራሪያውንም «ኢንት ወይም ነን» አልኩት። ፋይሉን ገና ሴቭ ሳደርገው ፓይራይት ሦስት ቦታ ላይ ቀይ አሰመረ፤ ከቁጥር ላይ ነንን መቀነስ አይቻልም ነበር የሚለኝ። ሁለቱን ጠብቄያቸው ነበር፣ የፓምፑ ውሳኔና የስክሪኑ ጽሑፍ ናቸው። ሦስተኛው የሰዓቱን አማካይ የሚያሰላው መስመር ሲሆን፣ እሱን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ስተቡም ፓይራይትም ባይኖሩ ኖሮ ይህን ሦስተኛ ቦታ የማገኘው በሌላ ባዶ ሮቶ ነበር።

ይህ «ወይም» የሚለው አጻጻፍ ራሱ አስገራሚ ጠባይ አለው። በቀጥ ያለ መስመር (|) የሚለያዩት ሁለት ዓይነቶች በማብራሪያ ቦታ ላይ ሲሆኑ ቦርዱ ስለማያሰላቸው ያልፋሉ። ያንኑ አባባል በየቦታው ከመድገም ብዬ «ልኬት» የሚል አጭር ስም ሰጥቼ በአንድ መስመር ላይ ስመድበው ግን፣ አሁን ማብራሪያ መሆኑ ቀርቶ የሚሠራ ኮድ ስለሆነ፣ ቦርዱ ዓይነትንና ነንን ማጣመር አላውቅም ብሎ ገና ሲነሳ ቆመ። ታይፒንግ የተባለውን፣ ለዓይነት ማብራሪያ የሚያገለግሉ ስሞችን የያዘውን የፓይተን ሞጁል ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ በፈርምዌሬ ውስጥ ስለሌለ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይወድቃል። የተለመደው መፍትሔ ማስገባቱን በትራይና በኤክሴፕት ከብቦ ስህተቱን ዝም ብሎ ማሳለፍ ሲሆን፣ ከማይክሮፓይተን የወጣው የሰርኪትፓይተን ላይብረሪዎችም በሰፊው የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ታይፒንግን የሚመስል ባዶ ፋይል ቦርዱ ላይ መጫንም ይቻላል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሁለቱም ግን ለማያውቀው አንባቢ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ግራ የሚያጋቡ ናቸው፤ እኔም ከወራት በኋላ ስመለስ ያ አንባቢ ራሴ ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ማብራሪያው ሊያድነኝ ያልቻለበት ጉዳይም አለ። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ አሥር ደቂቃ እንዲያርፍ አድርጌዋለሁ፤ ያለፈውን ጊዜም የማሰላው የቀድሞውን የሚሊሰከንድ ቁጥር ከአሁኑ ላይ በተራ ቅናሽ በመቀነስ ነበር። ይህ ቆጣሪ በቦርዴ ላይ 12 ቀን ተኩል ገደማ ሲሆነው ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህም ልዩነቱን በተራ ቅናሽ ሳይሆን ለዚሁ በተዘጋጀው ፈንክሽን ማስላት ግዴታ ነው። ስህተቱ ለአምስት ወራት ያልታየኝ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ቦርዱ 12 ቀን በተከታታይ በርቶ ስለማያውቅ ነው። ባትሪ ገዝቼ በማግስቱ ኮራሁ፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ፓምፑ አልነሳ አለ፤ ልዩነቱ ትልቅ ኔጌቲቭ ቁጥር ሆኖ የአሥር ደቂቃው ዕረፍት አላልቅ ብሎ ነበር። ለማብራሪያው ሁለቱም ኢንት ስለሆኑ ኢንትን ከኢንት መቀነስ ፍጹም ትክክል ነው። የሰዓት ቆጣሪን ከተራ ቁጥር የሚለይ አዲስ ዓይነት መፍጠር በታይፒንግ ይቻላል፤ ሆኖም እሱ ቦርዱ ላይ የሚሠራ ኮድ ስለሆነ ከላይ ወዳልኩት ከበባ ይመልሰናል። ሞከርኩት፣ ይሠራል፣ መልኩ ግን አላማረኝም፤ ፈንክሽኑን ማስታወስን መረጥኩ።

ከላይ ያቆየሁት ልዩነት ቫይፐር ነው። ማይክሮፓይተን ከፈንክሽኑ በላይ በሚጻፍ አንድ ምልክት ፈንክሽኑን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይርበት መንገድ አለው፤ በዚያ ውስጥ የዓይነት ማብራሪያ ማስታወሻነቱ ይቀርና ትእዛዝ ይሆናል። ውሃ ሲሞላ ስለሚናወጥ 32 ልኬቶችን ወስጄ መበታተናቸውን አሰላለሁ፤ ይህን ስሌት በቫይፐር ጻፍኩት፤ ፍጥነቱ አስፈልጎኝ ሳይሆን ለመሞከር ጓጉቼ መሆኑን ልደብቅ አይገባም። ሮቶው ሲሞላ ውጤቱ ትክክል፣ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ግን ኔጌቲቭ ይሆን ነበር፤ መበታተን ደግሞ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። በተራው ማይክሮፓይተን ኢንት የፈለገውን ያህል ያድጋል፤ በቫይፐር ግን ኢንት 32 ቢት ብቻ ነው፤ ከ2,147,483,647 ሲያልፍ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ድምፁ ደርሶ መልስ 8,700 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የዚህ ስኩዌር 76 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ 32ቱ ሲደመሩ ከ2.4 ቢሊዮን ያልፋሉ። በአንድ ፋይል ውስጥ ኢንት የሚለው አንድ ቃል እላይ ያለው ፈንክሽን ላይ ምንም ሳያስገድድ፣ እታች ያለው ላይ የሂሳቡን ውጤት ይለውጣል፤ ፓይራይት ደግሞ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ምልክቱን አነሳሁት፤ የቆይታው ልዩነት ለዓይን አይታይም።

ከውጭ የሚገባ ዳታም ማብራሪያ የማይጠብቀው በር ነው። የሮቶው ጥልቀት የሚነበበው ጄሰን ከሚባለው ዓይነት የጽሑፍ ዳታ ፋይል ነው። ሴንሰሩን ትንሽ ከፍ ስናደርገው ታናሽ ወንድሜ «ቁጥሯን አስተካክዬልሃለሁ» ብሎ 155ን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ጻፈው። ኮዴ ጥልቀቱ ኢንት ነው ይላል፤ ፓይራይት ከጄሰን የሚመጣውን ማንኛውንም ነገር ሊሆን የሚችል አድርጎ ስለሚወስደው አመነኝ፤ ቦርዱ ደግሞ ጽሑፍ ከቁጥር ጋር መቀናነስ አይችልም ብሎ ቆመ። ፓምፑ ጠፍቶ ሳለ መሆኑ በጀን እንጂ፣ በርቶ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ድረስ ይፈስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፋይል የሚነበበው ሁሉ በግልጽ ወደ ኢንት ተቀይሮ፣ ገደቡም ታይቶ ነው የሚያልፈው።

ስለ ሜሞሪ ለሚጠይቁኝ፦ ማብራሪያ ያለውንና የተነቀለለትን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ወደ ባይትኮድ፣ ማለትም ቦርዱ ሳይተረጉም ወደሚያስኬደው ቅርጽ፣ ቀይሬ ሳነጻጽር መጠናቸው እኩል ነው። ልዩነት የሚመጣው ጥሬው ፋይል ቦርዱ ላይ ሲተረጎም ነው፤ ማብራሪያዎቹ ለጊዜውም ቢሆን በራም ውስጥ ይነበባሉ፣ የያዟቸው ስሞችም በቦርዱ የስም መዝገብ ውስጥ ይቀራሉ። በእኔ ፕሮግራም ልክ ይህ የሚያሳስብ አይደለም።

ደግሜ ብጀምርም በማብራሪያ እጽፋለሁ፤ በተለይ ማንኛውንም ሴንሰር የሚያነብ ፈንክሽን ነን ሊመልስ እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን አውጄ። በአሁኑ ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ ፓይራይትን በኮሜንት ዝም ያሰኘሁባቸው አምስት መስመሮች አሉ። አራቱ ስተቡ ከቦርዱ ጋር ያልተስማማባቸው ናቸው። አምስተኛው በመጋቢት አንድ ምሽት ቸኩዬ የተውኩት ነው፤ እስካሁንም አልተመለስኩበትም።