የእማዬን ደም የቆጠበላት ክፍል

እማዬ ባለፈው ዓመት እዚህ ቶሮንቶ የልብ ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ሥር ማለፊያ የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና) ተደርጎላታል። ስለ ቀዶ ሐኪሞቹ ብዙ ሰው ይናገራል። እኔ መመስከር የፈለግሁት ብዙዎቻችን ስለማናውቀው አገልግሎት ነው። ኦንትራክ ይባላል። በኦንታሪዮ ሆስፒታሎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ይሠራል። ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው የሌላ ሰው ደም ሳያስፈልገው እንዲወጣ፣ ከሳምንታት በፊት የሚያዘጋጁ ነርሶች አሉት።

እማዬ ቀዶ ሕክምና ሲባል ቀድሞ የሚመጣባት ደም ነው። አዲስ አበባ አክስቴ ስትታመም «ምትክ ደም አምጡ» ተብሎ ዘመድ ጎረቤቱ ሲሰለፍ አይታለች። «እዚህ ማን አለኝና ይሰጠኛል?» አለችኝ። እዚህ ሰው መሰብሰብ የለም ብላት አልተዋጠላትም።

ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር መጠን፣ 108 ነበር። አገር ቤት 10.8 የምንለው ማለት ነው። ለሴት ከ120 በታች የደም ማነስ ነው። ነርሷ ደም አንሶት ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ደም የመሰጠት ዕድሉ ሰፊ መሆኑን አስረዳችን። ከዚያ ስለ ምግብ ጠየቀቻት። እማዬ ኮራ ብላ «ጤፍ ነው የምበላው!» አለች። ቡናስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ያውም ምሳ እንደበላች። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘው አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ንጥረ ነገር) በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ግን ተዪው አላለቻትም። ከምግብም ከኪኒኑም ሁለት ሰዓት አርቂው ነው ያለቻት። እማዬ «ቡናዬን አልነካችብኝም» እያለች ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ሰነበተች።

ኪኒኑ ሆዷን አልተስማማውም። ስለዚህ አይረኑን በደም ሥር ሰጧት፤ ሦስት ጊዜ፣ በየሳምንቱ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ በቀጭኗ ቱቦ ጠብ ጠብ ሲል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቀዶ ሕክምናው ሲደርስ ሄሞግሎቢኗ 121 ሆኖ ገባች። ክሎፒዶግሬል የሚባለውን የደም ማቅጠኛም አምስት ቀን ሲቀር አስቆሟት፤ አስፒሪኑን ግን ቀጠለች። ይህን ማንም በራሱ እንዳያደርገው፤ ሐኪሙ ነው የሚወስነው።

በዕለቱ ደም መፍሰስን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ተሰጣት። ደረቷ ውስጥ የሚፈሰውን ደም መጥጦ፣ በጨው ውሃ አጥቦ፣ ቀይ የደም ሴሎቹን መልሶ የሚሰጥ ማሽንም ነበር። የራሷ ደም ወደ ራሷ ተመለሰ።

እኔን ግን ከሁሉም የነካኝ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ያየሁት ነው። ለምርመራ ደም የሚቀዱባቸው ብልቃጦች የሕፃናት ነበሩ። ከትንሿ ጣቴ የማይበልጡ። በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚቀዳው! በትልቁ ብልቃጥ ቢሆን ሲጠራቀም ቀላል አይደለም። ለጠብታ እንኳ የሚጨነቅ ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ቀን ሄሞግሎቢኗ ወደ 78 ወረደ። ደነገጥኩ። «ለምን ደም አትሰጧትም?» ብዬ ሐኪሙን ያዝኩት። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። በዚሁ በቶሮንቶ ተመራማሪዎች የተመራ፣ በ19 አገሮች ለችግር የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ወደ 5,000 የሚጠጉ የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን የያዘ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ከ75 በታች እስኪወርድ መጠበቅ፣ 95 ላይ ከመስጠት የባሰ ጉዳት አላመጣም። «ከደማች ወይም ልቧ ከተቸገረ ግን አንጠብቅም፤ ደሙ ተዘጋጅቶላታል» አለኝ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ያረጋጋችኝ። በማግስቱ 81 ሆነ፤ አንድም ከረጢት ደም ሳይሰጣት ወጣች።

ቅሬታም አለኝ። የስልክ አስተርጓሚው መስመር ሲቆራረጥ እኔው ተረጎምኩ። ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ለእናት መተርጎም ይከብዳል፤ አንዳንዱን ቃል አለዝቤ ነው የነገርኳት። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀትም አልሰጡንም። ከሁሉ የከፋው ግን ከክፍሉ ውጭ ነው። የላካት ክሊኒክ የደም ውጤቷን ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ነበር። አይረን ሥራውን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። ቀጠሮው ቢቀርብ ኖሮ አይደርስላትም ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ለነርሶቹ ከአምስት አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ለአስተርጓሚው ሁለት።

ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ የቀዶ ሕክምናውን ቀን እንደሰማችሁ «ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከአገር ቤት የመጣውን የባህል መድኃኒትም አትደብቁ። እማዬ የጥቁር አዝሙድ ዘይቷን ያወጣችው እኔ ለመኪና ማቆሚያ ልከፍል ስወጣ ነው።