ድንጋዩ አልሞተም ላለኝ ባለሙያ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ለሚኖር አንድ የንጣፍ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረስ እፈልጋለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ልመናውን አከብራለሁ፤ ሥራውን ከመናገር ግን የሚያግደኝ የለም።

ለእናቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣውን የዳለቲ እብነ በረድ ገዝተን ነበር። ነጭ ነው፣ ግራጫ ሥር አለው፣ ሲያዩት ልብ ያሳርፋል። ያነጠፈልን ሌላ ሰው ነው። ሥራውን ሲጨርስ ላዩ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ በአሲድ አጠበው፤ ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሆነ። በማግስቱ ስገባ ወለሉ በየቦታው ደብዝዞ፣ በጣት ሲዳስሱትም የሚሻክር ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ “ምነው ልጄ፣ ገና ሳይረገጥ አረጀ?” አለችኝ። የሁለት ዓመት ቁጠባዬ ነበርና ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ሁለት ሰዎች ጠርቼ አሳየሁ። ሁለቱም ነቅሎ ከመጣል በቀር መላ የለውም አሉኝ። ሦስተኛው እሱ ነው። ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ፤ ተንበርክኮ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ከዚያም በመዶሻው እጀታ እያንዳንዱን ድንጋይ እያንኳኳ ድምፁን አዳመጠ። ከበታቻቸው ክፍተት ስላለ ባዶ ድምፅ በሰጡት 3 ድንጋዮች ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ቀና ብሎም “እህቴ፣ ድንጋዩ አልሞተም፤ የተላጠው ቆዳው ነው” አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ እንዲገባኝ ከኩሽና ሎሚ አስመጣ። የተረፈች ስባሪ ደጅ ላይ አስቀምጦ አንድ ጠብታ ጨመቀባት። ጥቂት ቆይቶ ሲጠርገው ጠብታው ያረፈበት ቦታ ክብ ሆኖ ደብዝዟል። እብነ በረድ በዘሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው ዓይነት ድንጋይ በምድር ሆድ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ እብነ በረድ ይሆናል። ስለዚህ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ይበላዋል። ሴራሚክ አሲዱን የሚችለው ላዩ በእሳት የተጋገረ መስታወት ስለለበሰ ነው።

ባዶ ድምፅ የሰጡትን ሦስቱን አንስቶ፣ ወለሉ በ1 ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሽ መውረጃው እንዲያዘነብል በውሃ ልክ እያየ እንደገና አነጠፋቸው። ቀጥሎ ወለሉን በሙሉ ውሃ እያጠጣ በአልማዝ መሞረጃ ሞረደው፤ በሻካራው በ120 ቁጥር ጀምሮ፣ በ220 አልፎ፣ በለስላሳው በ400 ጨረሰ። እንደ መስታወት ላድርገው ብሎ ተጨማሪ ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር፤ እኔም እምቢ አልልም ነበር። እሱ ግን “እማማ እርጥብ ወለል ላይ ነው የሚቆሙት። የሚያንጸባርቅ ድንጋይ ሳሙና ሲነካው ያንሸራትታል። ወለሉ እንዲህ ደብዘዝ ይበል፤ የሚያብረቀርቀው ለግድግዳ ይሁን” አለኝ። ይህን ቃሉን መቼም አልረሳውም።

ግድግዳውንም በእብነ በረድ ልናለብስ ስናስብ ድንጋዩን አብሮኝ ሄዶ መረጠልኝ። አንድ በአንድ እየገለበጠ ጀርባቸውን አየ፤ ደካማ ድንጋይ እንዳይሰበር የሚለጠፍ መረብ ያለባቸውን ለይቶ ስንጥቅ ፈለገባቸው። ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ይጠብቅ ነበር፤ ስንጥቅ ውሃ ስለሚይዝ መስመሩ ዘግይቶ ይደርቃል። ዝገት የመሰለ ቡናማ ነጥብ ያለበትን አልወሰደም። ቤት ስንደርስ ሁሉንም ግቢው ላይ ዘርግቶ ሥሮቻቸው እንዲገጣጠሙ አስተካከላቸውና በተራ ቁጥር ጻፈባቸው። ማጣበቂያውም ነጭ ሆነ፤ ግራጫው በነጭ ድንጋይ ውስጥ ጥላው ይታያል።

ለማዕዘኖቹ የገዛሁትን ሲሊኮን ከፍቶ አሸተተው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። “ይሄ ራሱ አሲድ ነው” ብሎ እንድመልሰው አደረገኝ፤ ሽታ የሌለውን ለድንጋይ የሚሆነውን ራሱ ፈልጎ አመጣ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማጣበቂያው በብርድ በደንብ ስለማይጠነክር ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ አልጀመረም፤ ማታ ሲሄድ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ የተለጠፈውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ይሄድ ነበር። እኔ ቸኩዬ ነበር፤ እሱ አልቸኮለም። ውሃና ቅባት እንዳይሰርግ የሚከላከለውን ፈሳሽ የቀባውም መጋጠሚያዎቹ ደርቀው ካለቁ በኋላ ነው። ፈሳሹ እድፍ እንጂ አሲድ እንደማይከለክልም አስጠንቅቆናል።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ቀላል ነው። ከታጠብን በኋላ በጨርቅ ማድረቅ፣ መስኮት መክፈት፣ አሲድም በረኪናም ሳይሆን ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውሃ አቅጥኖ መጠቀም። የብረት ጣሳና ምላጭ ወለሉ ላይ አይቀመጥም፤ ዝገቱ ይሰርጋል። በየጊዜው ውሃ ጠብ አድርገን ሩብ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ድንጋዩ ከጠቆረ ፈሳሹ እንደገና የሚቀባበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። እናቴ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ ስትታጠብ አንድ ቦታ ቅባት ጠጥቶ ነበር። ስደውልለት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አቡክቼ እንድለጥፍበትና በላስቲክ ሸፍኜ እንዳሳድረው ነገረኝ። ሁለት ሌሊት ካሳደርኩት በኋላ ለቀቀ። ለስልኩ ምክር አንድ ብር አልጠየቀኝም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም በታጠበች ቁጥር ትመርቅሃለች።

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ እብነ በረድ ልታነጥፉ ካሰባችሁ ወይም እንደ እኔ የተበላሸባችሁ ካለ፣ ከመንቀላችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ድንጋዩን ሳትገዙ ጥሩት፣ ሱቅ አብሯችሁ ይሂድ። ሥራው በብርድ ወራት ከሆነ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አትጠብቁት።