3,000 ቮልት የጠመጠሙልኝ ባለሙያ፣ ተክለ ሃይማኖት

ትራንስፎርመር ወይም ዳይናሞ ለማስጠምጠም የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ የፊዚክስ መምህራን፣ ይቺን ጽሑፍ አንብቧት።

አራት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ልጆቼ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ደጋግመው ጠየቁኝ። አንደኛው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። «ቲቸር፣ አንዲት አዮን ምንም ሳይነካት አየር ላይ እንዴት ትቆማለች?» ሰሌዳ ላይ ስዬ ማስረዳት እችል ነበር። ግን በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግኩ። አዮን ማለት ቻርጅ ያላት አቶም ናት፤ በአንድ ዓይነት ኳንተም ኮምፒውተር ስሌቱ የሚሠራው በእሷ ነው። እሷን ማሳየት ከአቅማችን በላይ ነው። አያያዙን ግን በዱቄት ማሳየት ይቻላል። አራት የነሐስ ዘንግ፣ አንድ የሌዘር መብራትና 220 ቮልትን ወደ 3,000 የሚያወጣ ትንሽ ትራንስፎርመር ዋናዎቹ ዕቃዎች ናቸው። ዘንጎቹን በቀላሉ አገኘሁ። ትራንስፎርመሩን ግን ማስጠምጠም ነበረብኝ።

መጀመሪያ ሌላ ቤት ሰጠሁ። በሁለት ቀን አደረሱልኝ። ማብሪያውን ስጫን ጠጠጠጥ አለና የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ብሩም ቀረ።

ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ እኚህ ሰው መራኝ። ቀድሞ ፒያሳ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተክለ ሃይማኖት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በእጅ የሚዞር መጠምጠሚያ፣ ግድግዳው ሙሉ የመዳብ ሽቦ።

የተቃጠለውን አሳየኋቸው። በፒንሳ ፈተው ሽቦውን ወደ መብራቱ ያዙት። «ልጄ፣ እዚህ ንብርብር መሀል ወረቀት የለም። 3,000 ቮልት ያለ ወረቀት እንዴት ይቀመጣል?» አሉኝ። ቀጥሎ ያሉትን ግን ከሌላ ባለሙያ ሰምቼ አላውቅም። «ለምን እንደሆነ ሳትነግሪኝ አልጠመጥምም።»

ነገርኳቸው። ቁጭ ብለው ሰሙኝ።

በቆመ፣ በማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ አንድን ቻርጅ ባዶ ቦታ ላይ ማቆም አይቻልም። ኧርንሾ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን በ1842 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በአንድ በኩል ብትገፋው በሌላ በኩል ያመልጣል። የኮርቻን ቅርጽ አስቡት። ኮርቻ ላይ ያስቀመጥናት ብይ ከፊትና ከኋላ ብትታገድ በጎን ትወርዳለች። ቮልፍጋንግ ፓውል የተባለው ጀርመናዊ በ1950ዎቹ ያገኘው መላ፣ መስኩን ቶሎ ቶሎ መገልበጥ ነው። ቻርጁ በጎን ሊያመልጥ ሲል ጎኑ ይዘጋል፤ ወደ ፊት ሲል ፊቱ ይዘጋል። በዚህ ሥራው በ1989 ኖቤል ተሸለመ። የዛሬዎቹ ባለአዮን ኳንተም ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። አዮን በጣም ቀላል ስለሆነች መስኩ በሴኮንድ በሚሊዮኖች ጊዜ መገልበጥ አለበት። ዱቄት ግን ከባድ ነው። ለሱ የግድግዳችን መብራት፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው፣ በቂው ነው።

ጋሼ ጥቂት አሰቡና «ቦቢና፣ ጥምጥም ሽቦ፣ ካለ ማግኔት አለ። ታዲያ ዱቄቱን የሚይዘው ማግኔቱ ነው?» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከማግኔት ጋር ለኖሩ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኛን ዱቄት ማግኔት አይዘውም። የትራንስፎርመሩ ማግኔት ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ደግሞም ማግኔት የቆመ ቻርጅ አይነካም፤ የሚሄደውን ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል እንጂ። ያንን ጥምዘዛ የሚጠቀም ሌላ ወጥመድ ግን አለ። ፔኒንግ ይባላል። ብርቱ ማግኔት አዮኗን ዙሪያዋን እንድትዞር ያደርጋታል፤ የቆመ የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ በሁለቱ ጫፎች ይዘጋባታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች ቤሪሊየም አዮንን በ3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማግኔት ውስጥ፣ ቺፕ ላይ ይዘው ወደፈለጉት ቦታ አንቀሳቅሰዋታል። ሆስፒታል ያለውን ኤምአርአይ ያየ ሰው የዚያን ማግኔት ጉልበት ይገምታል። በፓውል ወጥመድም ቢሆን ደካማ ማግኔት ይጨመራል። ሥራው አዮኗን መያዝ ሳይሆን የኃይል ደረጃዎቿን ለያይቶ ማስቀመጥ ነው። 0 እና 1 የሚጻፉት እነዚያ ደረጃዎች ላይ ነው።

«እንግዲያው ልጆቹ አጠገቡ ይቆማሉ ማለት ነው» አሉና ሌላ ጉዳይ አነሱ። በመውጫው ሽቦ ላይ በድምሩ 10 ሜጋኦም ሬዚስታንስ ካልገባ ሥራውን እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። አንድ ሬዚስታንስ ይህን ቮልት ስለማይችል ብዙ ትናንሾችን በሰልፍ በስታኞ አያያዙ። እንዲህ ሲሆን ሰው በስህተት ቢነካው እንኳ የሚያልፈው ግማሽ ሚሊአምፕ አይሞላም። እኔ አስተማሪዋ ይህን መጀመሪያ ማሰብ ነበረብኝ። ያሰቡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ከሰዓት ሥራቸውን አየሁ። መግቢያው 880 ዙር፣ መውጫው 12,000 ዙር። የመውጫው ሽቦ ከፀጉር አይወፍርም። አንዱ ንብርብር ሲያልቅ ቆም ይላሉ። ቅባት የጠጣ ወረቀት ቆርጠው ያለብሱታል። ወረቀቱን ከሽቦው ጫፍ በሁለት ጣት ያህል አስረዝመው ያጥፉታል። በጠመኔ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ይቀጥላሉ። ረዳታቸው ወሬ ሊጀምር ሲል እጃቸውን ብቻ አነሱ። ዝም አለ።

ቅሬታዬንም ልናገር። በአንድ ሳምንት ብለው በ16 ቀን ነው ያደረሱት። ስልክ አያነሱም፤ ሄዶ ማየት ግድ ነው። የመውጫ ሽቦዎቹ ላይም ምልክት አላደረጉም፤ የቱ ከየት እንደሆነ በመለኪያ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። በ3,000 ቮልት ሥራ ላይ ምልክት የግድ ነው። ይህን ነግሬያቸዋለሁ፣ ተቀብለውኛል። ዋጋው 6,800 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። ከመጀመሪያው ቤት ይበልጣል። እኔ አልቆጨኝም።

አሁን ወደ ክፍሉ። መጋረጃ ዘጋን። የጤፍ ዱቄት በወንፊት፣ ቀጥሎ በነጠላ ነፋሁ። ቻርጅ እንዲይዝ በፕላስቲክ ማንኪያ አሻሽቼ በአራቱ ዘንጎች መካከል ረጨሁ። ሦስቴ ሁሉም ወደቀ። በአራተኛው አምስት ቅንጣት ቀረ።

አረንጓዴው ሌዘር ሲያርፍባቸው እያንዳንዳቸው ነጥብ አልነበሩም። አጭር ሰረዝ ነበሩ። በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዙ ነው እንዲያ የሚታዩት። መሀል ያለው አጭር፣ ዳር ያሉት ረዘም ያሉ። እርስ በርስም ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ተራርቀው ተሰልፈዋል። እውነተኞቹ አዮኖችም እንዲሁ ነው የሚሰለፉት። አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱ ይሰማዋል፤ ሲራክና ዞለር የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1995 እ.ኤ.አ. ስሌት ለመሥራት ያቀዱት በዚያ መነቃነቅ ነው። የእኛን ዱቄት የሚያረጋጋው አየሩ ነው። አዮኖቹን ግን አየር በሌለው ጋን ውስጥ ሌዘር ያቀዘቅዛቸዋል።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ ብዙ የማትናገር፣ «ቲቸር፣ መብራት ቢጠፋስ?» አለችኝ። ማብሪያውን ዘጋሁት። አምስቱም ወረዱ። ክፍሉ በሙሉ «ውይ!» አለ። እንደገና እንድይዝላቸው ለመኑኝ፤ ደወል እስኪደወል ድረስ ያዝንላቸው።

በማግስቱ ለጋሼ በስልኬ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አዩት። ለሚቀጥለው ወር ሁለት ሰፋፊ ክብ ቦቢናዎች አዝዣለሁ፤ የማግኔቱን ትምህርት ልጀምር ነው። በዚህኛው ምልክት አደርጋለሁ ብለዋል።