የድሮ መኪና ኤሲ ግፊቱ ሲያሻቅብ፦ በቺንግያ የሚዞር ፋን ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ?

ድሬዳዋ ላይ ቀትር ነው፣ መኪናው ቆሟል፣ ኤሲው ሙቅ አየር ይተፋል። ሲነዳ ግን ይቀዘቅዛል። እባካችሁ ጋዝ ለማስሞላት አትቸኩሉ! መጀመሪያ የግፊት መለኪያው ጌጅ ይሰካ። 134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ በሞቃት ቀን ከፍተኛ ግፊት ባለበት መስመር ላይ ከ200 እስከ 250 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ቆማችሁ 300ን እያለፈ ከሄደና ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲ ጋዝ ማቀዝቀዣ) ላይ ውሃ ስታፈሱ መርፌው ወዲያው ከወረደ፣ የጎደለው ንፋስ ነው። የኮንደንሰሩን አቧራ አጥባችሁም ካልተሻለው ወደ ፋኑ ኑ።

በቺንግያ የሚዞረው ጠንካራ ነው፣ ሽቦም ሪሌም (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) የለው። ግን ሞተሩ ቀስ ሲል እሱም ቀስ ይላል፣ መሃሉ ላይ ያለው፣ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ባለሲሊኮን ዘይት ክላች ሲያረጅ ደግሞ ይብስበታል። ሞተሩ እንደሞቀ አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ በእጅ ግፉት። ምንም ሳይዝ ከተሽከረከረ ክላቹ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ ዙሪያው ላይ የዘይት እድፍም ታያላችሁ።

የኤሌክትሪኩ ቆማችሁም በሙሉ ጉልበቱ ይነፋል፣ ለከተማ መጨናነቅ ወደር የለውም። ግን ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌ፣ ፊውዝና ደህና ዳይናሞ ይፈልጋል። ሽቦው ተገልብጦ ከታሰረ ደግሞ ወደ ኋላ ይነፋል። ከራዲያተሩ ጀርባ ላለ ፋን፣ ፊት ለፊት ወረቀት ያዙ፤ ስቦ መለጠፍ አለበት።

እኔ ለትንሽ የከተማ መኪና ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ። ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ላንድክሩዘር ግን የቺንግያው ይቆይ፣ ኮንደንሰሩ ፊት ከኤሲው ጋር አብሮ የሚነሳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፋን ይጨመርለት።