ካቴናን በሰም ማለስለስ፦ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ወደር የለውም

የብስክሌቴ ካቴና ዛገ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ካቴናውን የማለሰልስበትን ዘይት እርግፍ አድርጌ ትቼ ወደ ሰም ከዞርኩ ወራት አልፈዋል፤ በነዚህ ወራት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሰም ሳልሰብክ የተለየሁት የለም። ከዚያ አንድ ማታ ዝናብ እየወረደብኝ ገባሁ፤ ብስክሌቱን እንደ ወትሮው ግድግዳ አስደግፌ አደርኩ፤ ጠዋት ሳየው ካቴናው ብርቱካናማ ሆኗል። አንድ ሌሊት ነው ያልኩት፣ አንድ ሳምንት አይደለም።

ቁጭ ብዬ በቅርብ አየሁት። የጎን ብረቶቹ ፊት ላይ እምብዛም ዝገት የለም። ያለው ዘለበቶቹን በሚያያይዙት ትናንሽ ዘንጎች፣ በፒኖቹ ራስ ዙሪያና የውጭውና የውስጡ ብረት በሚደራረቡበት ቀጭን ክፍተት ውስጥ ነው። በጣቴ ስጠርገው ደቃቅ ቀይ ዱቄት ያዘኝ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሳዞረው ደግሞ ሁለት ዘለበቶች አልታጠፍም ብለዋል፤ በማርሽ ቀያሪው ትንሽ ጥርስ ላይ በደረሱ ቁጥር ክንዱን ነቅነቅ ያደርጉትና "ቀጭ" ይላል። ስነዳውም ያው ነው፤ ካቴናው ዙሩን በጨረሰ ቁጥር ከእግሬ ስር ትንሽ ምት ትሰማኛለች። ከዚያች "ቀጭ" በላይ ሰውን የሚያበሳጭ ነገር ካለ እኔ አላውቅም። አንዴ ከሰማችኋት ሌላ ነገር መስማት አትችሉም።

ሰሙን የሸጠኝን ሰው በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደሞገትኩት! "ሰም እኮ ውሃ አያስጠጋም" ነበር ያለኝ። እውነቱን ነው፣ አያስጠጋም። ግን የሚከላከለው ያለበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ጉዳዩ ደግሞ የት የት አለ የሚለው ነው። ዘይት ጥርሱ ሲጫነው ይሸሻል፣ ጫናው ሲለቀው ተመልሶ ይፈስሳል። ሰም ጠጣር ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ተፋቀ። ካቴና በታጠፈ ቁጥር በላዩ ያለው ሰም እየተሰነጠቀ ይረግፋል። በቀለጠ ሰም ውስጥ አዲስ የተነከረ ካቴና የመጀመሪያውን መንገድ ሲሄድ ነጭ ፍርፋሪ ሲጥል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ትንሽ ቆይቶ ውጭው ራቁቱን የቀረ ብረት ነው፤ ሰሙ ያለው ውስጥ፣ በፒኑና በላዩ በሚዞረው ቀለበት፣ በሮለሩ መካከል ብቻ ይሆናል። ለመንዳት ያ ይበቃል፣ ፍትጊያው ያለው እዚያው ነውና። ለዝናብ ግን አይበቃም። በዘይት የተነዳ ካቴና ላዩ ሁልጊዜ ስለሚወዛ፣ ቢቆሽሽም እንኳ እንዲህ በአንድ ሌሊት አይዝግም።

"ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ ነበረብህ" ይለኛል ያው ሰውዬ። ወንድሜ፣ ዝናብ የደበደበው ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርቀው ራሱን ነው። በዘይቱ ጊዜ ብስክሌቱ ይርጠብ አይርጠብ ዞር ብዬ አላየውም ነበር፤ ጠዋት ጥቂት ጠብታ ጨምሬ እሄዳለሁ። ደግሞስ ጨርቅ የሚደርሰው ላዩን ነው፤ ሮለሩ ስር የገባውን ውሃ ማን ያወጣዋል? ማሸጊያው ላይ "ለማንኛውም የአየር ሁኔታ" የሚል ተጽፏል። "ደረቅ መንገድ ለሚነዳ" ብለው ቢጽፉበት ኖሮ አንድ ቃል አልናገርም ነበር።

መፍትሔው ምንድን ነው ስትሉ መልሱ አንድ ነው፦ እንደገና ንከረው። እሺ፣ እንንከረው። የካቴናውን ሁለት ጫፍ የሚያያይዘውን ማገናኛ በፒንሳ ከፍቶ ካቴናውን ማውጣት። የፈላ ውሃ ደፍቶበት አሮጌውን ሰም ከነቆሻሻው ማቅለጥ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። ሰሙን በኤሌክትሪክ ድስት ማቅለጥ። ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ይቀልጣል፤ መቅለጡ ግን ብቻውን አይበቃም። ወደ 90 ዲግሪ መጠጋት አለበት፤ ብረቱ ራሱ ካልሞቀ ሰሙ ፒኑ ዘንድ ሳይደርስ ላዩ ላይ ይረጋል። ካቴናውን ከትቶ ማወዛወዝ፣ ከውስጡ የሚወጣው የአየር አረፋ እስኪያቆም መታገስ። በትኩሱ ማውጣትም የለም። ሰሙ ቀዝቀዝ ብሎ ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር ነው የሚወጣው፤ አለዚያ ውስጥ የገባው ሁሉ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ሲረጋ ካቴናው ወጥ ዘንግ ሆኖ ይቆማል፤ ያኔ በክብ ነገር ላይ እየጎተቱ ዘለበት በዘለበት ማላቀቅ ነው።

ሥራው ከባድ ነው አልልም፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው። እንዲያውም በደህናው ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ሬዲዮ ከፍቼ፣ ድስቱን እያየሁ፣ ማንም ሳይጠራኝ። ግን በፍላጎት ሲሠራና ዝናብ ስላስገደደ ሲሠራ አንድ አይደለም። አንድ ነገር በዚሁ ልናገር፦ ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳታቀልጡት። 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትነቱ ይቀጣጠላል። የኤሌክትሪኩ ድስት ከሌለ ዕቃውን የፈላ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ውሃ ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ ሰሙም አያልፍም።

ማገናኛው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። አንዳንድ የካቴና አምራቾች ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው ብስክሌት የሚያወጡትን ማገናኛ አንዴ ከተከፈተ በኋላ አትድገሙት ይላሉ። ሰም ሻጩ በበኩሉ በየ300 ኪሎ ሜትሩ ካቴናውን አውጥተህ ንከር ይላል። ሁለቱ አንድ ቀን ተገናኝተው ቢነጋገሩ ደስ ይለኛል። እኔ ማገናኛውን እደግመዋለሁ፤ ሲዘጋ "ጠቅ" ብሎ በደንብ እስከያዘ ድረስ። ይህን አድርጉ ብዬ ግን ለማንም አልመክርም።

ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የፋብሪካው ግራሶ አለ። አዲስ ካቴና ሲመጣ በወፍራም ግራሶ ተነክሮ ነው፤ እሱ እያለ ሰም ብረቱን አይዝም። በቀለም ማቅጠኛ ደጋግሞ ማጠብ፣ ፈሳሹ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ፣ በመጨረሻም በአልኮል ማለቅለቅ ነው። ሽታው ያፍናልና መስኮት ይከፈት፣ እሳት አጠገብ እንዳይሆን። ሻጩ ስለዚህ ጉዳይ የነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ትንሽ ታጸዳዋለህ።" ትንሽ!

"ታዲያ ድስትና ሙቀት የማይፈልገውን፣ በጠርሙስ የሚመጣውን ፈሳሽ ሰም ለምን አትወስድም?" ይህም ተብያለሁ፣ ወስጄውም ነበር። ሰሙ በውሃ ውስጥ ተበትኖ ነው የሚመጣው፤ በየሮለሩ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጉና ውሃው እስኪተን ለሰዓታት ትተዉታላችሁ። ማታ አድርገውት ጠዋት ለሚወጡ ሰዎች ይመቻል። እንደ ተነከረው ወደ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፣ ቶሎም ያልቃል። በሁለት መንከሪያ መካከል ለማቆያ ግን እጠቀምበታለሁ። ከዝናብ አያድንም፤ እሱም ቢሆን ሰም ነው።

እንዲህ እያማረርኩ ለምን ወደ ዘይት እንዳልተመለስኩ የሚጠይቅ ይኖራል። ሞክሬ ነበር። ካቴናው በዛገ ማግስት የዘይቱን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አውርጄ ክዳኑን ከፈትኩ። አፉ ዙሪያ የደረቀውን ጥቁር ነገር ሳየው መልሼ ዘጋሁት። የሱሪዬ ቀኝ እግር፣ ሁልጊዜ ያችው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለችው ጥቁር መስመር፣ በሳሙና የማትለቀው፣ ትዝ አለችኝ። በዘይት ጊዜ ጎማ በተነፈሰብኝ ቁጥር እጄን ምን ላይ ልጥረገው ብዬ አካባቢዬን ስቃኝ ነበር የምገኘው። አሁን የኋላውን ጎማ አውጥቼ፣ ካቴናውን በባዶ እጄ ይዤ፣ መልሼ ገጥሜ፣ እጄን ሳልታጠብ ነጭ ሸሚዝ ልለብስ እችላለሁ። ይህ ማጋነን አይደለም፤ አድርጌዋለሁ። ብስክሌት ለማይነዳ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ለነዳ ሰው ግን ይህ ብቻውን ሰሙን ያስገዛዋል።

ምክንያቱ እዚያው ካማረርኩበት ባሕርይ ውስጥ ነው፦ ሰም ጠጣር ስለሆነ አቧራ አይለጠፍበትም። ዘይት እርጥብ በመሆኑ የመንገዱን አቧራ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ካቴናው በሄደ ቁጥር ራሱን በብርጭቆ ወረቀት እንደሚፈትግ ነው። ሃንስ ሬኖልድ በ1880 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሮለር ካቴናን ከፈለሰፈ ጀምሮ በሽታው ያው ነው። ካቴና የሚረዝመው ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ፒኖቹና የሚዞሩበት ቦታ ተበልተው ነው። ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 24ቱ ተደምሮ 304.8 ይመጣል። በዚህ ርዝመት ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከጨመረ፣ ማለትም 0.5 በመቶ፣ የ11 እና የ12 ማርሽ ካቴና መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ጥርሶቹን ይዞ ይሞታል። በዘይት የነዳሁት የቀድሞው ካቴናዬ የሰሙ እስካሁን የሄደውን ያህል ርቀት ሲሄድ፣ የካቴና መርዘሚያ መለኪያው ዘው ብሎ ይገባበት ነበር። የሰሙ ላይ ገና ጫፉ እንኳ አይገባም። የዛገውም ቢሆን! ዝገቱ ላዩ ላይ ነው፣ ውስጡ ደህና ነው። ይህን ሳይ ንዴቴ ትንሽ በረደ።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለኝም። ማርሽ ሲቀየር ልዩነት አላየሁም። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሰሙ ሲያልቅ መጮህ ስለሚጀምር ራሱ ይነግራችኋል። "ጉልበት ይቆጥባል" የሚሉት ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ውድድር ለሚወዳደር ሰው ትርጉም ይኖረው ይሆናል፣ እኔ በእግሬ ላይ አልተሰማኝም። ሻጩ ግን ስለሱ ነበር ሲያወራ የዋለው፤ ስለ ሱሪዬ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ መለፍለፍ ባላስፈለገው ነበር።

የዛገውን ካቴና አልጣልኩትም። በፈላ ውሃ አጥቤ፣ በአልኮል አለቅልቄ፣ ሁለት ጊዜ ነከርኩት። የደረቁት ዘለበቶች ወዲያ ወዲህ ሳጥፋቸው ተላቀቁ፤ "ቀጭ" የምትለዋም ጠፋች። ፒኖቹ ዙሪያ ቡናማ ቀለም ቀርቷል፣ ይቅር። ሁለተኛ ካቴና ጨምሬ ሁለቱን በአንድ ላይ እየነከርኩ ማፈራረቅ ጀምሬያለሁ፤ አንዱ ሲረጥብ ወዲያው አውርጄ ደረቁን እጭናለሁ። ያው ሻጭ ይህን ቢሰማ "አየህ፣ ሁለት ብትገዛ ይሻልሃል ብዬህ ነበር" ማለቱ አይቀርም። አላለኝም።

ነጥብ ስጥ ብባል፣ ዝናቡ ሳይመጣ በፊት ከ10 ዘጠኝ እሰጠው ነበር። ዛሬ ውጭው እየዘነበ ስለሆነ ስድስት። ሰሙ ሲያልቅ ግን መልሼ መግዛቴ አይቀርም። ብስክሌቱን ደጅ የሚያሳድርና ዝናብ ሳይል በየቀኑ የሚነዳ ሰው አይግዛው፤ ማሸጊያው ምንም ይበል ምን፣ ለእሱ ዘይት ነው የሚሻለው።