ቪኤችኤስ፣ ኤይት ሚሊሜትር፣ ሚኒዲቪ፦ የቤት ካሴት ደሴ ላይ በምን ይገልበጥ?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደሴ ያለው የእናቴ ቤት ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም፣ ዴኩም፣ የድሮው ካሜራም ሄደ። ካሴቶቹን ግን የፈለጋቸው አልነበረም። ስንመለስ ሳሎን ወለል ላይ ተበትነው አገኘናቸው፤ 23 ናቸው። የእህቴ ሰርግና መልስ፣ የአያቴ አርባ፣ ሁለት መውሊድ፣ አንድ ጥምቀት፣ የቀረው ላዩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት። ካሴት አለ፣ ማጫወቻ የለም። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጎረቤትንም ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ቆይቻለሁ። የማያስፈልግ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ የሚያስፈልገውንም አቃጥያለሁ።

የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «የትኛውን መቅረጫ ልግዛ?» ብሎ ነው። መቅረጫው የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ላፕቶፕ ላይ የምትሰኳት ትንሿ ዩኤስቢ የምትቀዳው ዴኩ የሰጣትን ነው፤ ዴኩ የሚንቀጠቀጥ ምስል ከሰጣት የሚንቀጠቀጥ ምስል ታስቀምጥላችኋለች። ገንዘብ ካላችሁ ማጫወቻው ላይ አውሉት። የትኛው ማጫወቻ እንደሚሻል ደግሞ የሚወስነው ካሴቱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሴቱን እዩት። መጽሐፍ የሚያክለው፣ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቪኤችኤስ ነው። የድምፅ ካሴት የሚያክል፣ ግን ወፈር ያለውና «8» የሚል ምልክት ያለበት ኤይት ሚሊሜትር ነው፤ ቪዲዮ ኤይት፣ ሃይ ኤይት ወይም ዲጂታል ኤይት ሊሆን ይችላል። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚበልጠው ሚኒዲቪ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ትንሽ ካሴት ትልቅ ካሴት ውስጥ አስገብቶ በዴክ የሚያጫውት ማቀፊያ መኖሩ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ቪኤችኤስ ሲ ለተባለው ትንሹ የቪኤችኤስ ዓይነት ብቻ ነው። የኤይት ሚሊሜትር ክር ከቪኤችኤስ ክር ይጠባል፣ አቀራረጹም ሌላ ነው። ለእሱ የሚሆን ማቀፊያ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ሚኒዲቪ፦ ክርክር የሌለበት

ከሦስቱ ቀላሉ ይህ ነው። ክሩ ላይ ያለው ቀድሞውንም ዲጂታል ስለሆነ ሥራው ዳታ ማውረድ እንጂ እንደገና መቅረጽ አይደለም። የሚሠራ ካሜራ፣ የፋየርዋየር ኬብል (ሶኒ ካሜራ ላይ አይሊንክ ይባላል) እና የፋየርዋየር ቀዳዳ ያለው ኮምፒውተር ይበቃል። አዲስ ላፕቶፕ ቀዳዳው የለውም። ያገለገለ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ወይም ዴስክቶፕ ላይ የሚሰካ ካርድ ፈልጉ። በአንድ ጫፉ ፋየርዋየር፣ በሌላው ዩኤስቢ የሆነች ርካሽ ኬብል ትሸጣለች፤ አትሠራም፣ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አንድ አይደለም። ካሜራው ራሱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው በእሱ ልሞክር የምትሉም አላችሁ፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች እዚያ የሚወጣው ፎቶና የደቀቀ ምስል ነው። ፋየርዋየሩን ስትሰኩ ሁለቱም ዕቃ ጠፍቶ ይሁን፤ ትልቁ ባለ ስድስት እግር መሰኪያ ተገልብጦ ከገባ የካሜራውን ቀዳዳ ያቃጥላል።

ዊንዲቪ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። የአንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል «ፍላሹ ባዶ ነው፣ ለምን አልገባም?» ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ ኤክስፋት አድርጉት።

ኤይት ሚሊሜትር፦ ካሜራውን በደንብ ምረጡ

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ካሴቱ የተቀረጸበትን ዓይነት አሮጌ ካሜራ አግኝቶ በቢጫና ነጭ ገመድ ወደ ዩኤስቢ መቅረጫ ማስገባት ነው። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው የዲጂታል ኤይት ካሜራ ነው። ሶኒ ይህን ዓይነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች የድሮውን ቪዲዮ ኤይትና ሃይ ኤይት አጫውተው እዚያው ወደ ዲጂታል ለውጠው በፋየርዋየር ያወጣሉ። መቅረጫ መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ ምስሉም ስለሚረጋጋ ድምፅና ምስል አይለያዩም። «ብዙዎቹ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ርካሾቹ ሞዴሎች የድሮውን ካሴት አያነቡም። ስለዚህ ሻጩ ፊት የራሳችሁን ካሴት ከትታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ዘመድ ከአሜሪካ ካሜራ ልላክ ካላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የኛ አገር ቴሌቪዥን ፓል ነው፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 30 ገደማ ምስል ነው። የአሜሪካ ካሜራ እዚህ የተቀረጸ የፓል ካሴት አያጫውትም። በተቃራኒው ደግሞ አጎታችሁ በ1990ዎቹ ከዋሽንግተን መጥቶ በራሱ ካሜራ የቀረጸው ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው፤ የኛ ካሜራ ላይ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ይህን የማያውቅ ሰው «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። እባካችሁ አትጣሉ።

ቪኤችኤስ፦ ብዙ ካሴት፣ ብዙ ጣጣ

አዲስ ዴክ የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የምትገዙት ያገለገለ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ካለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ መደርደሪያም ሊሆን ይችላል፣ ከጎረቤት ቁም ሣጥን በላይም። ስትገዙ ብትጠፋ የማታሳዝን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። አሥር ደቂቃ አጫውቱ፣ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑ፣ አውጡና ክሩን እዩ። ጠርዙ ከተጨማደደ ያ ዴክ ካሴት ይበላል። አጠንጥኖ መጨረስ አቅቶት መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ውስጡ ያለው የጎማ ቀበቶ (ቤልቱ) ደርቋል፤ ይህ ሊጠገን ይችላል፣ ዋጋውን ግን ተከራከሩበት።

ጀርባውንም አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ጥሩ ዴክ በ110 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ሳላይ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቼ ቤቱን በጭስ ሞልቻለሁ። እናቴ እስካሁን ቡና በተፈላ ቁጥር ታወራዋለች።

ከዴኩ በኋላ የሚመጡት መቅረጫዎች እነዚህ ናቸው። ኢዚካፕ እየተባለች የምትሸጠው ርካሽ ዩኤስቢ ማሸጊያዋ አንድ ቢሆንም ውስጧ ያለው ቺፕ ይለያያል፤ የጎረቤቴ ይሠራል፣ የኔ ድምፅ አይቀዳም። ንጹሕ ለሆነ ካሴት ትበቃለች። ችግሯ ክሩ የተጎዳበት ቦታ ስትደርስ ምስል ትዘላለች፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል፤ ሰርጉ ሊያልቅ ሲል ሙሽራዋ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ታወራለች። ቴሌቪዥን ይቅር ባይ ነው፣ ያንን ካሴት ያለ ችግር ያሳያችኋል፤ መቅረጫ ይቅር አይልም። የዲቪዲ መቅረጫ ማሽን፣ በዲቪዲ ዘመን ቪዲዮ ቤቶች ይዘውት የነበረው ዓይነት፣ ከዩኤስቢዋ የተሻለ የተንቀጠቀጠ ምስል ይችላል። ካገኛችሁት ዲስክ ላይ ባትቀዱበትም ዴኩንና ዩኤስቢዋን መሐል ላይ ሆኖ እንዲያገናኝ አድርጉት፤ ያለፈበት ምስል ይረጋጋል። ሦስተኛው ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ትንሽ ሳጥን ነው፤ አራት በሦስት የነበረውን ምስል ለጥጦ ሰውን ሁሉ ያወፍራል። አልመክርም።

ቴሌቪዥን ከፍቶ በስልክ መቅረጽን እንደ አማራጭ የሚቆጥር ካለ፣ ካሴቱ ላይ ያለውን ሰው ፊት ለመለየት ብቻ ይሁን።

ካሴቱ እምቢ ሲል

ማንኛውንም ካሴት ከማስገባታችሁ በፊት መቅረጽ የሚከለክለውን አድርጉ፦ ቪኤችኤስ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፣ ትንንሾቹ ላይ መዝጊያዋን ግፉ። በስህተት የተነካ አንድ ቁልፍ የአያትን አርባ ሊደመስስ ይችላል።

ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት ከመሰለ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ በሁሉም ካሴት ነው ወይስ በአንዱ? በሁሉም ከሆነ ሄዱ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበው ክፍል፣ ቆሽሿል። በአንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ካሴቱ ጋ ነው። ቪኤችኤስ ላይ የላይ ወይም የታች መስመር ብቻ ከተረበሸ ትራኪንጉን (ሄዱን ከክሩ መስመር ጋር የሚያገጥመውን) በእጅ አስተካክሉ፤ አውቶማቲኩ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ሚኒዲቪ ላይ ምስሉ በየመስመሩ እየተፈራረቀ በካሬ ካሬ ከተቆራረጠ ከሁለቱ ሄዶች አንዱ ተደፍኗል ማለት ነው።

ሄድ ማጽዳት ሰዎች የሚፈሩትና ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ነገር ነው። 99 ከመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የማይበተን ንጹሕ ወረቀት፣ ሌላ አያስፈልግም። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አትንኩ፤ የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ይጠመጠምና ይሰብረዋል። ዴኩን ከመብራት ነቅላችሁ፣ የረጠበውን ወረቀት ሄዶቹ ያሉበት የሚዞረው ከበሮ ላይ ሳትጫኑ አስጠግታችሁ ያዙና ከበሮውን በእጃችሁ አዙሩት። ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች አታንቀሳቅሱ። ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሽቶ፣ አረቄ፣ ቤንዚን፦ ሦስቱንም ሲሞክሩ አይቻለሁ፣ ሦስቱም አይሆኑም።

ሻጋታ የደሴ በሽታ ነው። የክረምቱ ጉም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ካሴቱን በመስኮቱ ስታዩት ክሩ ጥቅል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ አታስገቡት። ከሄዱ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል፣ አንዱን ልታድኑ አሥሩን ትበክላላችሁ። ለብቻው በላስቲክ አስራችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ኮምቦልቻ ደግሞ ችግሩ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀትና አቧራ ነው፤ እዚያ ካሉ ዘመዶቼ የመጡት ክሮች እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። እንዲህ ያለውን ቀስ ብሎ እስከ ጫፍ አሳልፎ መልሶ ማጠንጠን ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል።

ሁለቱ ከተሞች መሐል ሌላም ጣጣ አለ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጠዋት በብርድ ያደረ ካሜራ ይዛችሁ ቁልቁል ወርዳችሁ ወዲያው ብትከፍቱት የሞቀው አየር ቀዝቃዛው ከበሮ ላይ ጤዛ ይሆንና ክሩ ይጣበቃል። አንዳንዱ ካሜራ ራሱ ጤዛ አለ ብሎ አልሠራም ይላል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት፤ እስከዚያ ቡና ጠጡ።

መብራትም አለ። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፣ መፍጠኛ የለውም። ዴኩ 50ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ቢሄድበት የተቀዳው ፋይል ላይከፈት ይችላል። ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚሻለው ለዚህ ነው። ኦቢኤስ የተባለውን የመቅረጫ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉት፤ መሐል ላይ ቢቋረጥም እስከዚያ ያለው ይተርፋል።

ራስ መሥራት ወይስ መስጠት?

ከአምስት ካሴት በታች ካላችሁ ዕቃ አትግዙ፣ ስጡ። ግን ስትሰጡ ጠይቁ፦ በምን ዴክ ነው የምታጫውቱት? ዋናውን ፋይል ትሰጡኛላችሁ ወይስ ዲቪዲ ብቻ? ከተማው ውስጥ አንድ ቤት የእህቴን መልስ ገልብጦ የሰጠኝ በዲቪዲ ነበር፤ ግማሹ ተቆርጧል፣ ጥግ ላይ የሱቁ ስልክ ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታያል። ካሴቱ በእጄ ስለነበር እንደገና ሠራሁት። አንድ ካሴት ሰጥታችሁ ሳታዩ ሁለተኛውን አትስጡ። አዲስ አበባ የተሻለ ዕቃ ያለው ሰው አለ ከተባላችሁም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነውና በምታውቁት ሰው እጅ፣ በእጅ ቦርሳ ይሂድ፤ አውቶብስ ላይ ሻንጣ ውስጥ አይሁን።

ከአሥር በላይ ሚኒዲቪ ወይም ኤይት ሚሊሜትር ያለው ሰው ካሜራውን ይግዛ፣ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ይሽጠው። የኔ ካሜራ አሁን ሦስተኛ ቤት ላይ ነው። ቪኤችኤስ ብቻ ያለው ሰው ዴክ ከመግዛቱ በፊት ዘመድ አዝማድ ይጠይቅ፤ ቁም ሣጥን ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ ዴክ ስንት ቤት አለ።

ሲያልቅ ትልቁን ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ለቴሌቪዥንና ለጂዳ ዘመዶች በሰዓት 2 ጊጋ ያህል የሚሆን ትንሽ ኮፒ አውጡ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፣ አለበለዚያ ያደቅቀዋል።

ከ23ቱ 21 ተገልብጠዋል። አንዱ ባዶ ነበር። የቀረው ነጭ ሻጋታ የያዘው ነው፤ ላዩ ላይ በአባቴ ጽሑፍ «አይነካ» ይላል። በላስቲክ ታስሮ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እየጠበቀ።